በዱበርቲው መሀል ተቀምጬ የቀረሁ ለት

ይህን የምጽፈው ልመክራችሁ አይደለም። ምክር ሰልችቶኛል። ከሚኒባስ ረዳት እስከ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ስለ ማህፀኔ ያልመከረኝ ሰው የለም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ትለኛለች፣ ሌላዋ ፍል ውሃ ግቢ ትለኛለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ብዙ ስለምታስቢ ነው ብላኝ እያሰብኩ ወደ ቤቴ እንድሄድ ታደርገኛለች። እኔ የምነግራችሁ የሆነውን ብቻ ነው።

ስሜ ሀዋ ነው። ከሚሴ ገበያ ውስጥ ሂጃብና ድሪያ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ሰይድ ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያን ጊዜ ከተጋባን አራት ዓመታችን ነበር፤ ልጅ አልነበረንም።

የወር አበባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ሰው አይደለም። የሰው ወሩን ጠብቆ ይመጣል፤ የእኔ ሲያሻው በአርባ ቀን፣ ሲያሻው በሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከነመኖሩ አስረስቶኝ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ እናቴ "ተገላገልሽ፣ ምን አለብሽ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ካገባሁ በኋላ ሳቁ ቀረ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ስልኬ ውስጥ አንድ ነገር አነበብኩ። ሴት የምትጸንሰው ደም ባየች በአስራ አራተኛው ቀን ነው ይላል። ለሰይድ ነገርኩት። ሰይድ ደግሞ የተነገረውን ነገር ቀልድ አያደርገውም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ደም ባየሁ ቁጥር እደውልለታለሁ፤ እሱም ያቺን ቀን ቤቱ እንዲውል የጭነት ተራውን ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል። ጓደኞቹ ነገሩ ስለገባቸው "ሰይድ ዛሬ ጭነቱ ከሚሴ ነው" እያሉ ይስቁበት ነበር። የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ አቧራ ለብሶ ይደርሳል። ታጥቦ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እኔም ሌላው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ለቀበሌ ስብሰባ የተጠራን ይመስል ተያይተን እናፍራለን። በነጋታው ተመልሶ መሪ ይጨብጣል፤ እኔ መጠበቅ እጀምራለሁ። የእኔ ደም ስለሚዘገይ መጠበቁ ከሌላ ሴት ይረዝማል። በዘገየ ቁጥር ተስፋ አደርጋለሁ፤ ተስፋ ባደረግሁ ቁጥር ይመጣል። እንዲህ ያለ ድካም በእንቅልፍ አይወጣም።

አማቴ አዮ ከዲጃ የሚኖሩት ጨፋ ሮቢት አጠገብ ነው። አዮ በእኛ እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደ ሰይድ አዮ እላቸዋለሁ። ባላቸውን በጊዜ ቀብረው፣ ማሽላቸውንና ላሞቻቸውን ይዘው አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ክፉ አይደሉም፤ ግን ነገር አይሸፍኑም። ባለፈው አረፋ በግ እያወራረድን ሳለ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ እንዲህ አሉኝ፦

"ሀዋ፣ አልጠላሽም፤ ወላሂ አልጠላሽም። ግን ሰይድ አንድ ነው። ካንቺ ካልሆነ ሰንበቴ ከተማ አንዲት ልጅ አይቻለሁ። ሁለተኛ ቤት ያበጅ እለዋለሁ። ከሌላ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።"

ምን ይባላል? "እሺ አዮ" አልኳቸው። ጉበቱን ማጠቤን ቀጠልኩ።

የማሽላው አጨዳ ሲደርስ ሱቄን ለእህቴ ትቼ ላግዛቸው ጨፋ ወረድኩ። ያን ጊዜ ደም ካየሁ ሁለት ወር አልፎኛል። ከመሄዴ በፊት ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዝቼ በሽንት ሞክሬ ነበር፤ አንድ መስመር ብቻ። በሌላ ቀንም ደገምኩት፤ አሁንም አንድ መስመር። ስለዚህ እኔ አውቅ ነበር። ዘገየ እንጂ አልጸነስኩም።

እዚያ ቤት ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ይታወቃል። ሙስሊም ሴት ደም ካየች አትሰግድም። ብዙ ሴት በሚኖርበት ግቢ ማን ሰገደች፣ ማን ሳትሰግድ ዋለች የሚለውን ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም ያውቀዋል። አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፤ ዓይን ግን አይሳሳትም። እኔ ደግሞ ሱብሂውን፣ ዙህሩን፣ አስሩን አንድም ሳላጎድል ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተከተለ፣ ወሩ ሞላ። አዮ ከዲጃ ቆጠሩ።

መጀመሪያ የውሃውን ጀሪካን ከእጄ ነጠቁኝ። "ተዪው፣ ሌላ ሰው ይቀዳል" አሉ። ከዚያ ወተት ሲታለብ የመጀመሪያው ለእኔ መሰጠት ጀመረ። ከዚያ ማሽላ የሚታጨድበት ማሳ እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ማታ ስተኛ ጋቢያቸውን ደርበውልኝ ሲሄዱ በኦሮምኛ "ረቢ ሲፍ ሃኬኑ" ይላሉ ቀስ ብለው፤ ፈጣሪ ይስጥሽ ማለት ነው።

ልነግራቸው እፈልግ ነበር። ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ግን እኒያ ሴት በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ደግሞ ብናገር የሚከተለውን አውቃለሁ፤ የሚከተለው ሰንበቴ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን በየቀኑ ይነቅዝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወገቤን እየቆረጠኝ ነቃሁ። ወደ ጓሮ ሄድኩ። መጥቷል።

እዚያው ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ተስፋ አልነበረኝም፤ አውቀው ነበር ብያችኋለሁ። ሆኖም ሆድ የሚያውቀውንም ነገር ሲያይ ያለቅሳል። ተጣጥቤ ቁርጡን ልንገራቸው ብዬ ወደ ቤት ስገባ አዮ ከዲጃ ትልቁን ድስት ጥደው ገንፎ ያገነፋሉ። አዲስ ድሪያቸውን ለብሰዋል።

"አዮ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ" አልኳቸው።

"ቆይ ኢንታላ ኮ፣ ቆይ ልጄ፣ ሰው እየመጣ ነው። ያንን ነጭ ሻርፕሽን ልበሺ።"

"ምን ሰው?"

"ዱበርቲ ነዋ! ለማን መሰለሽ የማገነፋው?" አሉና የገንፎውን ማማሰያ እንደያዙ ፊታቸው በራ።

ዱበርቲ የምንለው የሰፈር እናቶች ተሰብስበው ነፍሰ ጡርን መሀል አስቀምጠው በሰላም እንድትገላገል ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። የዛሬ ወጣቶች "ይሄ ነገር ከየት መጣ" እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እናቶቹ ግን አይሰሟቸውም። እንደገና "አዮ" ስል በሩ ላይ "አሰላሙ ዓለይኩም" ተባለ። ሴቶቹ ተከታትለው ገቡ፤ ቅቤ የያዘች፣ ማር የያዘች፣ ባዶ እጇን ግን በትልቅ ድምፅ የመጣች። አዮ ከዲጃ ለሰላምታ ወጡ። እድሌ አለፈ።

መሀል ቁርበት አንጥፈው አስቀመጡኝ። የዱዓው መሪ አኮ ዘሀራ ነበሩ፤ አኮ አያት ማለት ነው። የጨፋ ሰው ግማሹ ሲወለድ እኒህ ሴት ደጃፍ ላይ ነበሩ ይባላል። እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ይለምናሉ፤ ሴቶቹ "አሚን" ይላሉ።

"የተሸከምሽውን በሰላም አውርጂው!"

"አሚን!"

"ደረትሽ ወተት ይሁን!"

"አሚን!"

እጃቸው ከባድና ሙቅ ነበር። ያ እጅ ያረፈበት ሆድ ውስጥ ቁርጠት ብቻ ነበር ያለው። አንገቴን ደፋሁ። እነሱ አፍራ ነው አሉ፤ "እንዲህ ነው የደንብ ልጅ" ያለችም ነበረች። ከፊቴ አዮ ከዲጃ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው "አሚን" ይላሉ፤ ከሁሉም ድምፅ የእሳቸው ይለይ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ቅር አይለኝም ነበር።

ዱዓው ረዘመ። ገንፎው ቀርቦ ሳይነካ ከመንደሩ መስጊድ የዙህር አዛን ተሰማ። አኮ ዘሀራ "መጀመሪያ ሶላት፣ ከዚያ ገንፎ" አሉ። ሴቶቹ ተራ በተራ እየወጡ እጅ እግራቸውን ታጥበው ዉዱእ አደረጉ። መስገጃ ተነጠፈ፤ ሰልፋቸውን ያዙ። እኔ ቁርበቴ ላይ ነኝ።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ የገጠመኜ ሁሉ ነገር እዚህ ነውና።

መነሳት እችል ነበር። ውሃ ነክቼ ከኋላ መቆም፣ ሲያጎነብሱ ማጎንበስ፣ ሲሰግዱ መስገድ። ማን ያውቅብኛል? ገንፎው ይበላል፣ ሴቶቹ መርቀውኝ ይሄዳሉ፣ እኔ አንድ ሰበብ ፈልጌ ከሚሴ እመለሳለሁ። በኋላ "ወረደብኝ" ብል ያዝኑልኝ ይሆናል። ሰንበቴም ጥቂት ወር ትርቃለች። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ መጣልኝ። ኢማኔ ጠንካራ ስለሆነ ነው ያልተነሳሁት ብዬ አልዋሻችሁም። ደክሞኝ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ለመሸከም አቅም አልቀረኝም።

"ካኢ ሀዋ፣ ተነሺ እንጂ፣ ጊዜው ይሄዳል" አሉኝ አኮ ዘሀራ።

"እኔ አልሰግድም፣ አኮ።"

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ያ ሁሉ ሴት አንድ ላይ ዞሮ አየኝ። ቀጥሎ ሆዴን አዩ። ቀጥሎ ገንፎውን አዩ። አንዷ "ያ ረቢ" አለች። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ከእኔ ወደ አዮ ከዲጃ መለሱ።

አዮ ከዲጃ በሩ ላይ ናቸው። ዉዱእ አድርገው መግባታቸው ነው፤ ከክርናቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። እንኳን ሶላት ሊያሳልፉ፣ አዛን ከተባለ በኋላ ቃል ተናግረው የማያውቁ ሴት ናቸው። ወደ ሰልፉ ይገባሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን በሴቶቹ መሀል አልፈው መጡና ቁርበቱ ላይ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ቁርበቱ ለሁለት ሰው ይጠብ ስለነበር ትከሻቸው ትከሻዬን ገፋው።

"እናንተ ስገዱ" አሏቸው። "የዙህር ጊዜው ሰፊ ነው። እኔ ቆየት ብዬ እሰግዳለሁ።"

ሉባባ የምትባል ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታቸው አለች። እሷ ከሰልፉ ጫፍ ሆና፦

"ከዲጃ! ባንቺም መጣብሽ እንዴ፣ በዚህ እድሜሽ?" አለች።

"አዎ፣ መጣብኝ። ምን ይደረግ?" አሉ አዮ ከዲጃ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

መጀመሪያ አንዷ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ፈረሰ። አኮ ዘሀራ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ" እያሉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ አልሳቅሁም። ማልቀስ ነው የያዘኝ፤ ግን ከጠዋቱ ለቅሶ ሌላ ነበር።

ሳቁ በርዶ ሶላቱ ሲጀመር እኔና አዮ ከዲጃ ከኋላቸው ቁርበት ላይ ተደጋግፈን ቀረን። ጆሮዬ ውስጥ አንሾካሾኩ።

"መቼ መጣ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"ይሄን ሁሉ ወር ሰግደሻል እኮ።"

"ዘግይቶብኝ ነው፣ አዮ። አልጸነስኩም ነበር። የእኔ ወሩን እየዘለለ ነው የሚመጣው። ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ወተት ሲሰጡኝ ሲስቁ አያለሁ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ?"

ሴቶቹ ወደ ሱጁድ ወረዱ፤ ከፊታችን የጀርባ መስመር ብቻ ቀረ። ከዚያ አዮ ከዲጃ "እኔም አልጠየቅሁሽም። ስትሰግጂ ብቻ ነው ያየሁሽ" አሉኝ።

ሶላቱ ሲያልቅ አዮ ከዲጃ ተነስተው ሰገዱ። ሲጨርሱ ወደ ገንፎው ሄደው ቅቤውን መሀሉ ላይ አፈሰሱ። "እስኪበርድ ነው እንዴ የምትጠብቁት? ቅረቡ። ገንፎ ለታመመም ይሆናል" አሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሰጡኝ። አኮ ዘሀራም እጃቸውን ዘርግተው "ላልመጣውም ዱዓ አለው" ብለው እንደገና ለመኑ። ሴቶቹ ሲሄዱ አንዲት ዝምተኛ ሴት ደጃፍ ላይ ክንዴን ይዛ "የእኔም እንዳንቺ ነበር" አለችኝና ሌላ ምንም ሳትጨምር ሄደች።

በሳምንቱ ደሴ፣ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሄድን። "ሄድን" ያልኩት እኔና አዮ ከዲጃ ነው። አብሬሽ እገባለሁ ብለው በሩ ላይ ከነርሷ ጋር ተከራክረው ገቡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ታሪኬን በትዕግሥት ሰማችኝ። ስለ አስራ አራተኛው ቀን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ያ ወሯ ለማይዛባ ሴት ነው" አለችኝ። "እንቁላል የሚለቀቀው የሚቀጥለው ደም ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ያንቺ ደም በሁለት ወር የሚመጣ ከሆነ በአስራ አራተኛው ቀን እንቁላሉ ገና አልደረሰም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ደም መጣ ማለት እንቁላል ተለቅቆ ነበር ማለት አይደለም። ጭራሽ ሳይለቀቅም ሊደማሽ ይችላል።"

ሰይድ ታየኝ። የአፋር በረሃ፣ ያ ሁሉ የተለዋወጠው ተራ፣ ያ ዓይኑ። ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ሲደርስ፣ ለካ እንቁላሉ ገና መንገድ አልጀመረም! ሳቅ አመለጠኝ፤ ሐኪሟ ግራ ገባት።

የደም ምርመራ አዘዘችልኝ፤ በአልትራሳውንድም አየችኝ። እንቁላሎቼ ማደግ ጀምረው ሳይበስሉ እንደሚቀሩ፣ ይህም ብዙ ሴት ላይ የሚታይ እንደሆነ፣ እንዲበስሉ የሚያግዝ መድኃኒት እንዳለ አስረዳችኝ። "ዋስትና አልሰጥሽም፤ እንሞክራለን" አለች። ከዚያ፦

"ባለቤትሽስ ተመርምሯል?"

አዮ ከዲጃ ከወንበራቸው ቀና አሉ። "ማን? ሰይድ? ወንድም ይመረመራል እንዴ?"

"ይመረመራል፣ እማማ። ልጅ ከሁለት ሰው ነው። የእሱ ምርመራ እንዲያውም ከእሷ ይቀላል።"

ወጥተን ገና ደረጃው ላይ ሳለን አዮ ከዲጃ ስልካቸውን አወጡ። ሰይድ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። "ሰይዶ፣ ስማኝ" አሉት መንገደኛ ሁሉ እየሰማ፣ "ስትመለስ ደሴ ትሄዳለህ፣ ትመረመራለህ። ምንህን? እሱን ሐኪሟ ትነግርሃለች!" ብለው ዘጉት።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ኮምቦልቻን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ መስኮት መስኮቱን እያዩ "የሰንበቴዋን ልጅ ቤተሰቦች ተዉት ብያቸዋለሁ" አሉኝ። "ነገሩ የልጄ ከሆነ ደግሞ የሰው ልጅ አምጥቼ ሁለት ሴት ላስለቅስ?" ትከሻቸው ላይ ተደግፌ ተኛሁ።

ሰይድ ተመረመረ። የእሱ ደህና ነው። ይህን ስሰማ ፈራሁ፤ ሰንበቴ እንደገና ትመጣ ይሆን ብዬ። አልመጣችም። አሁን ሰይድ ሲመጣ ለቀጠሮ አይደለም የሚመጣው፤ ቤቱ ስለሆነ ነው የሚመጣው። ሲችል ከርሞ ይሄዳል። አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ተውን።

ልጅ ወለድሽ ወይ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ገጠመኝ ሲነበብ መጨረሻው ላይ ሕፃን ይጠበቃል። አልወለድኩም። መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው፤ ወሬ ከመጣ አላህ ያምጣው። የተለወጠው ሌላ ነው። እህቶቼ፣ ያ ሁሉ ዘመን እኔን ያደከመኝ የደሙ መዘግየት ብቻ አልነበረም። ሲመጣ ለብቻዬ ማወቄ፣ ለብቻዬ መታጠቤ፣ ለብቻዬ ፊቴን አስተካክዬ ወደ ሰው መግባቴ ነበር። እናንተም ውስጥ ወሯ የሚዘልባት ካለች፣ ከስልኳ ጋር ብቻ አትማከር። ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ባሏንም ይዛ ትሂድ። ይኸው ምክር አልሰጥም ብዬ ሰጠሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጣ። በዚህ ወር ተስፋ አድርገን ነበር፤ መድኃኒቱ ሠርቶ እንቁላሉ መብሰሉን ሐኪሟ አይታ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ለአዮ ከዲጃ ደወልኩ። "አዮ፣ መጣ" አልኳቸው። ከዚያኛው ጫፍ ሲነፋረቁ ሰማሁ፤ እኒያ በባላቸው ቀብር እንኳ እንባቸውን ዋጥ አደረጉ የሚባሉት ሴት። "አይዞዎት አዮ፣ አይዞዎት፣ ሌላ ወር አለ" እያልኩ ሳባብላቸው ቆየሁ። ስልኩን ስዘጋ ጉንጬን ነካሁት። ደረቅ ነበር። የዚያን ቀን ያለቀሱልኝ እሳቸው ናቸው።